ኦሊያድ ሁለት ሮቶ በአንድ ሰብስክራይበር ያስተዳደረበት ማክሰኞ

በዘመነ ፈረቃ በሰባተኛው ዓመት፣ ውሃ በጎፋ ኮንዶሚኒየም ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ እስከ ቀትር በነገሠበት ወራት፣ ሥዩመ ኮሚቴ፣ ባለ ሁለት ስክሪን፣ መምህረ ኮድ ኦሊያድ ወልደ ተካ ተነሣ። ሮቶዎቹ ሲሞሉ በራሳቸው ይዘጉ ዘንድ ቃል ገብቶ ነበርና፣ ከሴንሰር እየሰማ ሊትር የሚደምር፣ አምስት ሺህ ሲደርስም ቧንቧ የሚዘጋ፣ ሰብስክራይበር የሚባል ኮድ ጻፈ።

የብሎክ አንድ ሮቶ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሞላ፣ ሰብስክራይበሩም ዘጋ፣ ሕዝቡም እልል አለ። ለብሎክ ሁለት አዲስ መፍጠር ሲገባው፣ ጌታችን ኦሊያድ ይህ ብክነት መሰለውና በቴሌግራም ግሩፕ አዋጅ አስነገረ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ለሁለቱም ሮቶ ያው አንዱ ይበቃል!» ሰብስክራይበሩም የብሎክ አንድን አምስት ሺህ ሊትር ቁጥር በሆዱ እንደ ያዘ ወደ ባዶው ሮቶ ተሻገረ፤ የመጀመሪያዋ ሊትር ጠብ ስትል «ሞልቷል» ብሎ በየስልኩ መልእክት ልኮ ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። ወይ ጉድ!

ከአራተኛው ፎቅ የመንታ እናት ሶሬቲ፣ የሳምንት የሕፃን ልብስ የተከመረባት፣ በመስኮት አዋጅ አወጣች፦ «የብሎክ ሁለት ሰው ሆይ! ስልኬ ሞልቷል ይላል፣ ቧንቧዬ ደርቋል! ስድስት ሰዓት ካለፈ እስከሚመጣው ማክሰኞ በምን ልጠብ?»

ጀግናውም ዘመተ። ተከተሉትም ላፕቶፑ፣ ቻርጀሩ፣ የቻርጀሩ ማራዘሚያ፣ ሊቀመንበር ወጋየሁ፣ ባዶ ጀሪካን ያነገቡ አሥራ ሦስት አባወራዎች፤ አንዱ እኔ ጸሐፊው ነኝ። ሴንሰሩን ወቀሰ፣ ፓምፑን ወቀሰ፣ ኔትወርኩን ረገመ፣ የገዛ እጁን ሥራ ግን አልጠረጠረም። በዚህ መካከል የቧንቧ ሠራተኛው በንቲ ማንንም ሳያስፈቅድ ጣሪያ ወጣ፣ መዝጊያውን በፒንሳ ጠምዝዞ ከፈተው፣ እስኪሞላም ሲጋራውን እያጨሰ ጠበቀ።

ልክ በቀትር፣ ሶሬቲ ልብሱን ዘፍዝፋ ሳለች፣ ኦሊያድ «አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ፤ ለእያንዳንዱ ሮቶ ከዜሮ የሚጀምር የራሱ ሰብስክራይበር እንዲፈጠር አንዲት መስመር ለወጠ። ኮሚቴውም አወጀ፦ «ውሃ ላመጣልን ለኦሊያድ የምስክር ወረቀት፤ ያለ ፈቃድ ጣሪያ ለወጣው ለበንቲ ማስጠንቀቂያ!»

እንግዲህ ክብር ለኦሊያድ ይሁን፣ ድል አድራጊ፣ አንዲት መስመር በሦስት ሰዓት ልፋት የለወጠ፣ ከንፋስ ስልክ እስከ ሀይሌ ጋርመንት አቻ የሌለው! ውሃውን ያመጣው ግን በንቲ ነው። ኮሚቴው ይህን መስመር ሰርዝ ብሎኛል፤ አልሰርዝም።