ሦስት በረኛ፣ አንድ ማሊያ

ዛሬ ምን እንደሆንኩ ብነግራችሁ ስልካችሁን ጥላችሁ ነው የምትስቁት! በስልሳ ዓመቴ፣ በገዛ ልጄ ፊት፣ በሃያ ሴት ተጫዋቾች መሃል ጉድ ሆንኩ!

ልጄ ሌንሴ እዚሁ አምቦ የሴቶች ቡድን ታሠለጥናለች። ሁለቱ በረኞቿ "እኔ ልግባ፣ እኔ ልግባ" እየተባባሉ ቢያስቸግሯት፣ "አባዬ፣ እስቲ ና የኮሌጅ ቡድንህን ታሪክ ንገርልኝ" አለችኝ።

እኔ ደግሞ እስክለመን ልጠብቅ? ቱታዬን ለብሼ ከተፍ!

"ሦስተኛ በረኛ ነበርኩ" አልኳቸው። "ግን ታገስኩ። ቀኔ ሲደርስ ፔናልቲ አዳንኩ!"

ጭብጨባው ቀለጠ። ደረቴን ነፋሁ።

ይኼኔ ከአጥሩ ጥግ አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ፣ "ሁለተኛውንስ? ሁለተኛውንም ንገራቸው እንጂ!" አሉ።

ዞር ብዬ ሳያቸው ክው አልኩ። የዚያን ቀን ዳኛ!

እኚህ ሰውዬ አሁንም ኳስ ያያሉ እንዴ?!

እሺ፣ ተይዣለሁ። ልጆቹ ፊት የተናዘዝኩትን ለእናንተም ልናዘዝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። የኮሌጃችን ቡድን አሠልጣኝ የሒሳብ መምህራችን ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። ኳስ መትተው አያውቁም። በፎርሙላ ሊፈቷት ግን ቆርጠው ተነስተዋል!

"አንድ በረኛ ሁሉን ነገር አይችልም" አሉ። "ሥራው ይከፋፈል።"

ደረጀ የስልክ እንጨት የሚያክል ልጅ ነው፤ እሱ ለኮርና ተመደበ። ከማል፣ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡት የስልጤ ነጋዴ ልጅ፣ እንደ ድመት ፈጣን ነው፤ ለቀረው ጨዋታ ሁሉ እሱ። እኔስ?

ለፔናልቲ። ለፔናልቲ ብቻ!

እንዴት ይሆናል አትሉም? ሕጉ ይፈቅዳላ! ጨዋታ በቆመ ቁጥር፣ ዳኛው ይወቀው እንጂ፣ ሜዳ ውስጥ ያለ ተጫዋች ከበረኛው ጋር መቀያየር ይችላል። ስለዚህ ሦስታችንም እንሰለፋለን። አንዱ በር ላይ፣ ሁለቱ ተከላካይ።

ችግሩ ያለን የበረኛ ማሊያ አንድ መሆኑ ነው። ኮርና በሆነ ቁጥር ከማል ያወልቃል፣ ደረጀ ያጠልቃል። ኮርናው አልፎ ጨዋታ ሲቆም ደረጀ ያወልቃል፣ ከማል ያጠልቃል።

ከጉደር ልጆች ጋር ገጠምን። ያሸነፈ አዲስ አበባ ሄዶ ይጫወታል። ግማሾቻችን አዲስ አበባን አይተናት አናውቅም። ከማል እንደሚሄድ ለእናቱ ሳይቀር ነግሯታል!

መጀመሪያ የጉደር ደጋፊ፣ "እናንተ! የልብስ ገበያ ነው እንዴ?" እያለ ሳቀብን። ግን ሠራ! ደረጀ ከላይ ይለቅማል፣ ከማል ከታች ይጠርጋል። ደጋፊው ጸጥ አለ።

ዜሮ ለዜሮ። አሥር ደቂቃ ሲቀር ተከላካያችን ሰው ጣለ።

ፔናልቲ!

ኦቦ ቶሎሳ ከዳር ሆነው፣ "ግርማ! ሰዓትህ ነው!" አሉ። በሁለት ሰው ላብ የራሰውን ማሊያ አጠለቅኩ። ልጁ መታ። ወደ ቀኝ ዘለልኩ። በቡጢ አወጣኋት!

እናንተዬ! ያንን ጩኸት በሠርጌም ቀን አልሰማሁትም!

ኳሷ ወጥታ ኮርና ሆነች። ደረጀ ሮጦ መጣ፤ "ማሊያውን!" አለኝ፤ ሰጠሁት። የእሱን ለብሼ ተከላካይ ሆንኩ። ልብሴን ቀየርኩ፤ ልቤ ግን ገና በረኛ ነው።

ኮርናው ተመታ። ደረጀ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። እኔ ከፊቱ ተነሳሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ዘልዬ አላውቅም! በሁለት እጄ ለቀም፣ ደረቴ ላይ እቅፍ፣ ለስታይሉም መሬት ላይ አንድ ጊዜ ተንከባለልኩ።

ጭብጨባ ጠበቅኩ።



ቀና ስል ደረጀ ከላዬ ቆሟል። ማሊያው እሱ ላይ ነው።

"ግርማ፣ ማል ጎቴ?" አለኝ። ምን አደረግክ? ማለቱ ነው።

ፊሽካ። ማኖ። እንደገና ፔናልቲ!

ዳኛው ቢጫ ካርድ አሳዩኝና፣ "አሁን በረኛው ማነው?" ብለው ጠየቁ። ሦስታችንም እርስ በርስ ተጠቋቆምን። የጉደር ደጋፊ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንፈራፈረ።

ፔናልቲ የእኔ ሥራ ነዋ! ማሊያውን እንደገና አጠለቅኩ። እንደገና ወደ ቀኝ ዘለልኩ። ኳሷ በግራ ገባች።

ተሸነፍን።

ኦቦ ቶሎሳ አልተቆጡም። ደብተራቸውን ገልጠው አዩና፣ "ጥፋቱ የፎርሙላው ነው። ደስታን አላስገባሁበትም" አሉ።

ከማል ግን ጫማውን እየፈታ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ለእናቴ አንተ ትነግራታለህ" አለኝ። ሄጄ ነገርኳት። ከት ብላ ስቃ ምሳ አበላችኝ። ያን ቀን እንደዚያ ምሳ ያፈርኩበት ነገር የለም!

ዛሬ ይኼን ስናዘዝ ልጆቹ ሣሩ ላይ ተዘረሩ። ሁለቱ ተቀናቃኝ በረኞች ተደጋግፈው ነው የሚስቁት።

ሌንሴ፣ "አባዬ! ይኼን ሁሉ ዓመት ግማሹን ነው የነገርከኝ?" ብላ አፈጠጠችብኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ሽማግሌው ዳኛ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ትከሻዬን ያዙና ቀስ ብለው፣ "ያን ቀን ፊሽካውን የነፋሁት ዘግይቼ ነው" አሉኝ። "አያያዝህ ገርሞኝ ረስቼው።"

ሰማችሁ? ዳኛውን ፊሽካ ያስረሳ ማኖ! ጉራዬን ዛሬ ላቆም ነበር፤ አሁን በእናንተ ሞት፣ ይኼን የተባለ ሰው እንዴት ብሎ ዝም ይላል?