ኮራሎቹ ፍልሰታን እንደ ጾሙ

ወይዘሮ ሥርጉት በበይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ከወረዱ በሰባተኛው ዓመት፣ መብራት እንደ እንግዳ ብቅ ብላ በምትጠፋበት በዘመነ ጄኔሬተር፣ ወርኀ ነሐሴ ሲገባ፣ ፀሐይም የሐዝሚዬን ሰፈር ሰገነት እንደ ካውያ ባጋለች ጊዜ የሆነውን ታላቅ ነገር እነሆ እንጽፋለን። ያልሰማ ይስማ፤ የሰማም ጨምሮ ያውራ።

ሥርጉት ዘሐዝሚዬ፣ ድል ነሺተ አቧራ፣ ከሣቲተ መጋረጃ፣ የሦስት በረንዳ ገዢ፣ በአሠሪያቸው በማዳም ሊና ሳሎን አንድ የመስታወት ባሕር ይጠብቁ ነበር። በባሕሩም ውስጥ ኮራል የሚባሉ ፍጥረታት ነበሩ፤ ሲያዩአቸው አበባ፣ ሲነኳቸው ድንጋይ፣ ሲበሉ ግን እንስሳ፤ ከእነርሱም ጋራ አንድ ቢጫ ዓሣ። ማዳም ሊና ከልጆቿ አብልጣ ትወዳቸው ነበርና ጧትና ማታ ደቃቅ ሽሪምፕ ታጎርሳቸዋለች። ጉርሻው ሲበዛ ውኃው ደፈረሰ፤ አልጌ የሚሉትም አረንጓዴ ጠላት እንደ ፂም በቀለባቸው፤ ኮራሎቹም ተኮራምተው ገረጡ፤ እሷም ራባቸው ብላ ጉርሻውን አበዛች።

ከዚህም በኋላ ማዳም ሙቀቱን ሸሽታ ወደ ቆጵሮስ ስትሄድ፣ በበሩ ላይ ቆማ እንዲህ ብላ አወጀች፦

«ሥርጉት፣ ሀቢብቲ! ኮራሎቼን በደንብ አጉርሺ። ስመለስ ካበቡ፣ እሁድ እሁድ ዶራ መውጣት ያንቺ ነው። ከሞቱ ግን እሁድ የሚባል ቀን ኸላስ፣ አበቃ! መርሲ!»

ሥርጉትም ሰባት ዓመት ሙሉ ሐበሻ እሁድ እሁድ የሚሰበሰብበትን የዶራን ሰፈር ያዩት በማዳም መኪና መስኮት ብቻ ነበርና፣ ቅዳሴ ሰምተው፣ ካገራቸው ልጆች ጋር ተሳስቀው መመለስን ከዘውድ አብልጠው ይመኙ ነበር።

ነገር ግን ጾመ ፍልሰታ በገባ ዕለት ፍሪዘሩን ቢከፍቱ ሽሪምፑ አፍጥጦ አያቸው። ሕፃናት እንኳ በሚጾሙት ጾም እንዴት ሥጋ ያጎርሳሉ? ስለዚህ በመስታወቱ ፊት ቆመው፣ ወገባቸውን ይዘው አወጁ፦

«የዚህ ባሕር ሕዝብ ሆይ! ፍልሰታ ገብቷል። እኔ እየጾምኩ ፊቴ የሚበላ የለም። ሽሪምፑ ታስሯል። ያኮረፈ ያኩርፍ!»

የተነነውን ውኃ መተካትና የማጣሪያውን ስፖንጅ ማጠብ ግን አላስታጎሉም፤ የታዘዘው ጾም እንጂ ቆሻሻ አይደለምና።

ወሬውም በደረጃው በወጣ ጊዜ ሠራዊት ተሰበሰበ። ከአምስተኛ ፎቅ የጴንጤዎቹ አርበኛ ሃይሚ፣ ከምድር ቤት ሰሊማ ከሳብራ ገበያ የገዛችውን ባልዲ ታጥቃ፣ አንድ ድመትም ለዓሣው ሲል ብቻ መጣ። ኮራሎቹ ከበፊቱ ይልቅ ተኮራምተው ብታያቸው ሃይሚ አወጀች፦

«ያ ሥርጉት! ድንጋይ አስጾመሽ ልታጸድቂ ነው? ያኒ፣ ኮራሎቹ ሊቀስሱ ነው? እህቴ፣ እነሱ ከሞቱ እሁድሽም አብሮ ይቀበራል። አጉርሺያቸው!»

በዚያች ሰዓት የጀግናይቱ እጅ የፍሪዘሩን እጀታ ያዘ። እሁድ ባንድ ወገን ጎተታቸው፣ ፍልሰታ ባንድ ወገን። በኋላ ግን እጀታውን ለቀው፦

«ሃይሚዬ፣ አንቺ ጸልዪ፤ እኔ ላስጹም። የቀደመች ትቅደም!» ብለው አዋጁን አጸኑ።

ሃይሚም እጇን መስታወቱ ላይ ጭና ጸለየች፤ ከድምፅዋም ብዛት ድመቱ ሸሸ፣ በባሕሩ ዳር በኦዛይ ሰፈር ላይ ያንዣበበ አውሮፕላንም ማረፊያው ጠፋው። ውሸት ነው የሚል ቢኖር ድመቱን ይጠይቅ።

ቢጫው ዓሣ ግን ሽሪምፕ ሲያጣ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ቀጥሎም እንደ ባሕታዊ ቅጠል ፍለጋ ዞሮ ያን አረንጓዴ ጠላት ይግጥ ጀመር። ጋጠው፣ ጋጠው፣ ፂሙን ላጨው። ጉርሻ የማይበሰብስበት ውኃም ጠራ፤ ኮራሎቹም አንድ በአንድ ተፈቱ፤ ሐምራዊው ጣቱን ዘረጋ፣ ብርቱካናማው ጃንጥላውን ከፈተ። ከውበታቸው የተነሣ ጄኔሬተሩ አፍሮ ጠፋ የሚሉ አሉ፤ እኛ የምናውቀው መጥፋቱን ብቻ ነው።

ጾሙም በተፈታ ዕለት ማዳም ሊና ደረሰች፤ ሻንጣዋንም ጥላ፣ ባሕሩንና ፍሪዘሩን አይታ ጮኸች፦

«ያ አላህ! ሽሪምፑ ሳይነካ ያበቡት ምን አጉርሰሻቸው ነው?»

ሥርጉትም፦ «ጾም ነዋ፣ ማዳም!» ብለው መለሱ።

ማዳምም ተገርማ የመጨረሻውን አዋጅ ነገረች፦ «እንግዲያስ እሁድ ያንቺ ነው። አንቺ በጾምሽ ጊዜ ሁሉ እነሱም ይጹሙ፣ ያላ!»

ሃይሚ ድሉ የጸሎቴ ነው ትላለች፤ ሙግቱ እስከ ዛሬ ዶራ ላይ አልተፈታም።

በመጪውም እሁድ ሥርጉት ነጠላቸውን አጣፍተው ከመውጣታቸው በፊት ለመፍቻ የሚሆን ቁንጥር ሽሪምፕ በተኑ። ኮራሎቹ ተቀበሉ። ቢጫው ዓሣ ግን ፊቱን አዙሮ ወደ አልጌው ሄደ፤ እሱ ገና አልፈታም።

እነሆ ሥርጉት፣ ድል ነሺተ አልጌ፣ መጋቢተ ኮራላት፣ ባሕርን ያስጾሙ፣ ዓሣን ያመነኮሱ፣ በዶራ ቫን ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ስማቸው ከሐዝሚዬ ዳገት እስከ ኦዛይ ዳርቻ ይጠራ፤ እሁዳቸውንም ማንም አይቀማቸው፤ አሜን።