የጋሽ ሙራንግ ሁለት ኢንች

መኪናውን ከመሬት ከፍ ያደረገ ሰው ስለ ከፍታዋ ሳያወራ ውሎ ያደረበት መንደር በምድር ላይ የለም። እኛ የደጋዋ መንደር የባካላላን ሰዎች ደግሞ የዚህን ወገን አለቃ፣ ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ ሙራንግን ይዘን እንኖራለን። ሩዝ እያጨዱ ሳሉ "ደህና ዋሉ ጋሼ?" ብትላቸው አለቀልህ። "ሁለት ኢንች!" ይላሉ። "የሰው ልጅ ችግር ሁሉ ሁለት ኢንች ነው።" ጣሪያህ ቢያፈስ፣ አማትህ ብታኮርፍ፣ ወገብህን ቢያምህ መድኃኒቱ ያው፣ መኪናን ሁለት ኢንች ከፍ ማድረግ ነው።

ዘንድሮ ግን ወሬው ቁም ነገር ሆነ። ልጃቸው ሪናይ ታች ላዋስ ከተማ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ወለደች። በእኛ ወግ አያት የሆነ ሰው የድሮ ስሙን ትቶ አዲስ ስም የሚይዘው ሕፃኑን ታቅፎ፣ በድግስ ፊት ነው። ድግሱ ቅዳሜ ነው። ሕፃኑ ካልደረሰ የድግሱ አሳማዎች በከንቱ ታረዱ ማለት ነው። መንገዱን ደግሞ ዝናብ ሲደበድበው ሰንብቷል፤ የጭነት መኪኖች ግራና ቀኙን ቦርቡረው መሀሉን ጉብታ አድርገውታል። ዝቅ ያለች መኪና ሆዷ እዚያ ላይ ያርፍና ጎማዋ በባዶ ይሽከረከራል።

ማክሰኞ ጋሽ ሙራንግ አሮጌዋን ፒካፕ በክሪክ አንስተው ግንድ ላይ ሰቀሏትና ከሥሯ ገቡ። እኔ ቁልፍ አቀባይ ሆንኩ፤ የቀረው መንደር አማካሪ። የፊቱን ሞላ በረጅም ለወጡ፣ ከኋላ ባሌስትራ ደረቡ፣ ሾኮቹን ቀየሩ፤ ሁሉም መኪናዋን ሁለት ኢንች ከፍ ለማድረግ ነው። ከሥር ሆነው ያስተምሩናል፤ ቡሎን በወደቀ ቁጥር "ይኼ ትርፍ ነው" ይላሉ።

"ጋሼ፣ ይቺ የፍሬን ቱቦ እንዲህ መወጠር አለባት?" አልኳቸው።

ከሥር ሆነው ቱቦዋን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጓት።

"አውቄ ነው የተውኳት። ታያት እንደሆነ ልፈትንህ ብዬ ነው።"

ከእኔ ቆሞ ቀር የጭነት መኪና ረዘም ያለች ቱቦ ተፈትታ ተገጠመች። ሐሙስ ባለቤታቸው እትዬ ሱራን ሊሳፈሩ መጡ። እግራቸውን አነሱ፤ አልደረሰም። ደግመው አነሱ።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ዝንጀሮ ነኝ?"

"ሁለት ኢንች ብቻ እኮ ነው!"

"እሱን ለጉልበቴ ንገረው!"

የሩዝ ሙቀጫቸው ተገልብጦ ደረጃ ሆነ። እሱንም ጭነን ወደ ላዋስ ወረድን።

ዓርብ ሪናይንና ሕፃኑን ይዘን ስንመለስ ቀይ አፈሩ ዳገት ላይ ሦስት መኪኖች በሆዳቸው ተቀምጠዋል። ከሾፌሮቹ አንዱ እጁን እያወናጨፈ ሮጠ። "ጋሼ፣ ሕፃን ይዘው አይሞክሩት! ይመለሱ!"

ጋሽ ሙራንግ ወርደው ጉብታውን በክንዳቸው ለኩ። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ተመልሰው ገቡና በእግረኛ ፍጥነት ወጡበት። ጭቃው ከሥራችን የመኪናዋን ሆድ ሲልስ ይሰማኛል። ላሰ እንጂ አልያዛትም። ሪናይ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እትዬ ሱራን ይጸልያሉ፣ ሕፃኑ ተኝቷል። ጫፍ ላይ ስንደርስ ከታች የሾፌሮቹ የደስታ ጩኸት ቀለጠ። ጋሽ ሙራንግ ገመድ አውርደው ሦስቱንም አንድ በአንድ ጎትተው አወጡ፤ ሕፃኑ ያኔም አልነቃም።

ቅዳሜ በድግሱ መሀል ሕፃኑን ታቅፈው ቆሙ። "ከዛሬ ጀምሮ ፓዳን ነኝ" አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ከዚያ ስለ ሞላና ስለ ባሌስትራ የአንድ ሰዓት ትምህርት እንደሚከተል ስለምናውቅ ተመቻችተን ተቀመጥን። አፋቸውን ከፈቱ። እንባቸው ሕፃኑ ላይ ይወርድ ጀመር።

"ተናገር እንጂ!" አሉ እትዬ ሱራን። አልቻሉም።

ያን ጊዜ እኚህን ሰው እንደምወዳቸው ገባኝ። ከወሬያቸው ከማሳ እስከ ቤተ ክርስቲያን ስሸሽ የኖርኩት እኔ፣ ብድግ አልኩና ለአንድ ሰዓት ያህል ተረኩላቸው። ሞላውን፣ ባሌስትራውን፣ ዳገቱን። የቆሙት መኪኖች ሦስት ነበሩ፤ ሰባት አልኩ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር፤ እስከ ወገብ አልኩ። ጋሽ ፓዳን ቃል ባይወጣቸውም፣ ሕፃኑን እንዳቀፉ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ መሰከሩልኝ።