መደበር የተበጀ ኳስ መቺ

በአስመራ ምድር ሶፍትቦል የሚሉትን፣ የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበትን የአሜሪካኖች ጨዋታ እንደ እኔ አሳምሮ የሚጫወት አልተወለደም። የቀረኝ በዱላው ኳሱን ማግኘት ብቻ ነበር።

ለሰው ድክመት ሁሉ መሣሪያ ይሠራለታል ብሎ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለቃዬ አቶ ሀብቶም እንዲያ ያሉ ናቸው። እሑድ ከወጥ ቤት ሠራተኞች ጋር ልንጋጠም ነው፤ ከተሸነፍን ወሩን ሙሉ ድስታቸውን ልናጥብ!

«ኣታ፣ ክርንህ እኮ እንደ ቡና ቤት በር ይወዛወዛል!» አሉና አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ ወደሚሆንበት ገበያ፣ ወደ መደበር ወሰዱኝ። አንድ ብረት ቀጥቃጭ ኳስ የሚቀመጥበት የብረት ምሰሶ ሠራልኝ፤ ዱላዬ እንዲከብድ የብረት ቀለበት አጠለቀለት፤ ክርኔንም በአሮጌ የማኪና ጎማ ላስቲክ ከወገቤ ጋር አሰረው። ሻሂ ስጠጣ ብርጭቆው ወደ አፌ አልደርስ ስላለ፣ አፌ ወደ ብርጭቆው ይወርድ ነበር። ምሰሶው ላይ የተቀመጠውን ኳስ ግን ስመታው ከከተማው ውጪ ያሉት የዓዲ ኣበይቶ መንደር ከብቶች ይደነብሩ ነበር ብል ማን ይከለክለኛል?

እሑድ ደረሰ። የወጥ ቤቱ ሰይድ፣ ያ የወሎ ልጅ፣ ሦስት ጊዜ ወረወረልኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ነፋሱን ገረፍኩት። ተሸነፍን።

«ቀለበቱ አንሶ ነው፤ ተለቅ ያለ እናሠራለታለን» አሉ አቶ ሀብቶም ፈርጠም ብለው።

ሰይድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ኧረ ጋሼ ሀብቶም፣ ለዚህስ የዐይን መክፈቻ ያሠሩለት!»

እውነቱን ነው። ምሰሶ ላይ ያለ ኳስ የትም ስለማይሄድ አልታወቀብኝም እንጂ፣ ኳስ ወደ እኔ ሲመጣ ዐይኔን እጨፍናለሁ።