ሐይቅ ሁሉ ሐይቅ አይደለም

ጋሽ ታደለ ሚስት አሳጥተውኛል። መርሳ ላይ ሱቅ አላቸው፤ ፊደል ያልቆጠርን ሁሉ ደብዳቤያችንን የምናስነብበው እሳቸው ዘንድ ነበር። ሁለት መስመር አንብቦ ቀሪውን ከራሱ የሚጨርስ አዋቂ ገጥሟችሁ አያውቅም? እንግዲያውስ እድለኞች ናችሁ።

እጮኛዬ ወይንሸት ሥራ ፍለጋ ከመርሳ በወጣች በዓመቷ ጻፈችልኝ። ጋሽ ታደለ «ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ናና እዚሁ እንኑር» የሚለውን አነበቡና ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«ሐይቅ ከተማ ናታ! እዚሁ አፍንጫችን ሥር!» አሉ። ከዚያ እዚያ ስላለው ገዳም ጥንታዊነት፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ዓሣው ሰበኩኝ። «እዚያ የኖረ ሰው አያረጅም፣ ልጄ!»

ሄድኩ። ለእኛ ለወሎዎች ሐይቅ ማለት ሌላ የት አለ? ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት ጠየቅሁ፤ የሚያውቃት ጠፋ። ከተማዋስ በእውነት ደስ ትላለች። ውሃው ዳር ተቀምጬ ቤታችንን የምሠራበትን ቦታ ሁሉ መርጬ ነበር።

በአርባ ዓመቴ ማንበብ ተማርኩና ያንን ደብዳቤ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ «ከተማዋ ዝዋይ ትባላለች፤ እስከ ፋሲካ እጠብቅሃለሁ» ይላል።

«ጋሽ ታደለ፣ ምነው ጀርባውን ሳያነቡልኝ ቀሩ?»

«ፊቱ መች አነሰህ!»

ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩ። «ሐይቅ ድረስ ሄጄ ፈልጌሽ ነበር» አልኳት። «እኔ የናቅኸኝ መስሎኝ» አለች። ልጇን ልትድር ሽር ጉድ ላይ ነበረች። ነገሩ በዚሁ ተቋጨ፤ እሁድ፣ ጥር አሥራ ሦስት ቀን።