ሦስት ኮምፒዩተር፣ አንድ ሞኒተርና እትዬ ፈጡማ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ነገሩ አለቀ ተብሎ ኮት መልበስ ሲጀመር እጁን የሚያነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። ዕድር ይሁን የወላጆች ስብሰባ፣ ይህ ሰው አለ። እኛ "እሺ" የምንለው ለመገላገል ነው። እሱ "እሺ" የሚለው ሲገባው ብቻ ነው። እስኪገባው ድረስ ደግሞ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

የእኛዋ፣ የብሬብሩክ ሰፈር ጠቅላይ መርማሪ፣ ክብርት እትዬ ፈጡማ ናቸው። የደሴ ሰው ናቸው። እዚሁ ሜልበርን በአንድ የልብስ ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ሰፍተዋል። ፋብሪካው ሲዘጋ ሌላው ሠራተኛ እያለቀሰ ሲወጣ፣ እሳቸው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብተው "ኮሌታዬ ጠማማ ነበር?" ብለው ጠየቁት። አይደለም አላቸው። "ታዲያ ለምን?" አሉ። ሰውዬው አርባ ደቂቃ ሙሉ ወደ ፊጂ ስለሄዱ ፋብሪካዎች አስረዳቸው። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መካከል ለምን ከሥራ እንደወጣ አጥርቶ የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ናቸው።

የአውቶቡስ ሾፌሩንም አንድ ቀን "ለምን ዘገየህ?" ብለውት፣ የተቆጡ መስሎት ይቅርታ ጠየቀ። "ይቅርታህን ምን ላድርገው፣ ምክንያቱን ንገረኝ እንጂ" አሉት በዚያች በፋብሪካ እንግሊዝኛቸው። ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ፌርማታው ላይ ካየ፣ በሩ ተከፍቶ ሳያልቅ ምክንያቱን ይጀምራል።

እኔ የተዋወቅኋቸው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1997 ነው። ቀን ቀን ሰንሻይን በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ስድስት ሳምንት የኮምፒዩተር ኮርስ ስለወሰድኩ፣ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ወንድይፍራው "ኤክስፐርታችን ኃይለማርያም" ብለው ሾመውኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበሩ ክፍል ሥራ ለሚፈልጉ ሰዎች ኮምፒዩተር አስተምራለሁ፤ እትዬ ፈጡማም ከተማሪዎቼ አንዷ ነበሩ።

አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር ሦስት አሮጌ ኮምፒዩተር ሰጥቶናል። ሞኒተሩ ግን አንድ ነው። አንደኛው ኮምፒዩተር የአማርኛ ፊደል አለው፤ ሁለተኛው ላይ የታይፕ መለማመጃ አለ፤ ሦስተኛው ከፕሪንተሩ ጋር ተያይዟል። ሦስቱም ወደ አንዲት ትንሽ ሳጥን ይገባሉ። ሳጥኗ ላይ ማዞሪያ አለ፤ ቁጥር ሦስት ላይ ስታደርገው ሞኒተሩ ሦስተኛውን ኮምፒዩተር ያሳይሃል። ኪቦርዱ ግን ሦስት ስለሆነ፣ ሁለተኛውን እያዩ በሦስተኛው ኪቦርድ መጻፍ የተለመደ ነበር። ዋጋዬ የምትባል ተማሪ አንዴ ሙሉ ደብዳቤ ጽፋ ቀና ስትል ስክሪኑ ባዶ ነው። ደብዳቤዋ ሌላው ኮምፒዩተር ውስጥ ተገኘ።

ትልቁ ችግራችን ግን የፊደሉ መጠን ነበር። ሦስተኛው ኮምፒዩተር አንድ ቅዳሜ ሁሉን ነገር ልክ አድርጎ ያሳያል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊደሉ የሱቅ ማስታወቂያ አክሎ ይመጣል፤ ገጹ ከስክሪኑ ያልፍና ታችኛው ክፍል አይታይም። እኔም አጠፋለሁ፣ አበራለሁ፣ ማዞሪያውን አሽከረክራለሁ፣ ሞኒተሩን በጥፊ እላለሁ። አንዳንዴ ይስተካከላል።

"ተሠራ?" ይላሉ ጋሽ ወንድይፍራው ከበሩ ላይ።

"ተሠራ!" እላለሁ።

"መሥራቱንማ አየን" ይላሉ እትዬ ፈጡማ። "ለምን እንደሠራ ንገረኝ።"

"አንዳንዴ እንደዚህ ያደርገዋል፣ እትዬ።"

"አንዳንዴ ማለት መቼ ነው?"

እውነቱን ለመናገር፣ ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ሲሆንና አውቶቡሱ ሲቀር፣ እሳቸው እንደማይመጡ እያሰብኩ ደስ ያለኝ ቀን ነበር። በእግራቸው መጡ።

ነገሩ ሁሉ የተፈታው አንድ ዓርብ ነው። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለልብስ ክፍሉ ልብስ ሰፊ ይፈልጋል፤ አንሶላ የሚጠግን፣ የአሮጊቶቹን ቀሚስ በልካቸው የሚያጠብብ። እትዬ ፈጡማ ከፋብሪካው ከወጡ ስምንተኛ ወራቸው ነበር፤ በዚህ መሐል ያገኙት የመጀመሪያ ሁነኛ ዕድል ይኸው ነው። ማመልከቻው ዓርብ አሥር ሰዓት ሳይሞላ በእጅ መድረስ አለበት። ማመልከቻው ሦስተኛው ኮምፒዩተር ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። የቀረው ማተም ብቻ ነው።

እኔ ከፈረቃ እንደወጣሁ ስምንት ሰዓት ላይ ለእትዬ ፈጡማ ክፍሉን ከፈትኩላቸው። እንደ ልማዴ ሦስቱንም ባንዴ አበራሁ። ሦስተኛው በዚያ በግዙፍ ፊደሉ መጣ። አትም ስለው የሚከፈተው መስኮት ከስክሪኑ ረዘመ፤ "እሺ" ብለን የምንጫናት ነገር ከታች ተቆርጣ ቀረች። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው ነው። እንደገና። ያው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። 

እትዬ ፈጡማ አልተቆጡም። ከቦርሳቸው የልብስ ልክ የሚጽፉባትን ደብተር አወጡ።

"ኃይለማርያም፣ ይኼ ነገር ሲነሳ ሞኒተሩ ማንን ነው የሚያየው?"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"አንተ ሦስተኛውን ታበራለህ። እስኪነሳ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። አንተ ግን ሦስት ደቂቃ መቆም አትችልም፤ ማዞሪያውን ወደ አንድ ታዞራለህ። አራት ሳምንት ሙሉ ጽፌዋለሁ፤ ተመልከት። ማዞሪያው እሱ ላይ ሆኖ የተነሳ ቀን ፊደሉ ልክ ነው። ሌላ ጋ ሆኖ ሲነሳ ይኼው ይከመርብናል። አንድም ቀን አልተሳሳተም።"

ደብተሩን አየሁት። የአርባ ቁጥር ኮሌታና የእጅጌ ልክ በተጻፈበት ገጽ ጎን፣ የእኔ ጥድፊያ ቅዳሜ በቅዳሜ ተመዝግቧል።

"አጥፋው" አሉ። "ማዞሪያውን ሦስት ላይ አድርግ። አሁን አብራና እጅህን ከሥርህ አድርገህ ተቀመጥበት።"

ተቀመጥኩበት። ሦስት ደቂቃ እንደዚያ ይረዝማል ብዬ አላስብም ነበር። ስክሪኑ ጠቆረ፣ በራ፣ ሰማያዊ ሆነ፤ ከዚያ ፊደሎቹ ደቀቅ ደቀቅ ብለው በየቦታቸው ተደረደሩ። ማመልከቻው ታተመ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። የመኪናዬን ቁልፍ አነሳሁ።

"ቆይ እስቲ" አሉ እትዬ ፈጡማ። "አሁን ደግሞ እናበላሸው።"

"ምን?"

"ማዞሪያውን አንድ ላይ አድርገህ አስነሳው። ካልተበላሸ እኮ ምክንያቱ ይኼ አይደለም።"

"እትዬ፣ በፈጠረዎት! ወረቀቱ እጅዎ ላይ ነው! ሰዓቱ እየሄደ ነው!"

"ወረቀቱማ ወጣ። እውነቱ አልወጣም።"

ስምንት ወር ሥራ የጠበቀ ሰው ይህን ሲል ምን ትመልሳለህ? አጠፋሁት። ማዞሪያውን አንድ ላይ አደረግሁ፣ አስነሳሁ፣ ጠበቅን። ወደ ሦስት ስመልሰው ያ የሱቅ ማስታወቂያ ፊደል ገጹን ሞልቶ ተቀምጧል። እትዬ ፈጡማ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የገባችላቸው ያህል ፈገግ አሉ። "አልሐምዱሊላህ፣ ተበላሸ!" አሉና ሻርፓቸውን አስተካክለው ወደ መኪናው ቀደሙኝ።

መጦሪያው የደረስነው ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር ነው። ከመኪናው ስንወርድ እኔ ሰዓቴን አየሁ። እሳቸው ሕንፃውን አዩ። ወረቀቱን ሰጡና እንግዳ ተቀባይዋን የልብስ ክፍሉ በየት በኩል መስኮት እንዳለው ጠየቋት።

ሰኞ ዕለት ፉትስክሬይ ሰፈር ኮምፒዩተር የሚጠግን ሰው ዘንድ ሄጄ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያት ጠየቅሁ። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ሞኒተሩን "ማነህ? ምን ያህል ትችላለህ?" ብሎ ይጠይቃል አለኝ። ማዞሪያው ሌላ ጋ ከሆነ የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ለማንም የማይከብደውን፣ ዝቅተኛውን የስክሪን ጥራት ይይዛል፤ ያን ጊዜ ፊደሉ ይገዝፋል። ለእትዬ ፈጡማ ስልክ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳቸው።

 "ብልህ ነው" አሉ። "እኛ ተበላሸ እያልን ስንሰድበው፣ እሱ ለካ ተጠንቅቆ ነው።"

ሥራውን አገኙ። ቅዳሜም ሥራ ይገቡ ጀመር፤ ከክፍሉ ቀሩ። አዳዲስ ተማሪዎች መጡ። ጨዋዎች ናቸው፤ ተሠራ ስላቸው አመስግነው ይቀመጣሉ፤ በሰዓቱ ጨርሰን በሰዓቱ እንዘጋለን። ጋሽ ወንድይፍራው "እንዴት ያለ ሰላም ነው!" አሉ። ሰላሙ አሞኝ ከረመ። አንድ ቀን ራሴን "ይኼ ለምን ሆነ?" ብዬ ጮክ ብዬ ስጠይቅ አገኘሁት፤ የመለሰልኝ የለም።

በሦስተኛው ወር አንድ እሑድ ብሬብሩክ ቤታቸው ሄድኩ። ልጃቸው ሲሀም በሩን ከፍታ "ማም፣ ኢትስ ዘ ኮምፒዩተር ጋይ" ብላ ጮኸች፤ የኮምፒዩተሩ ሰውዬ ነው ማለቷ ነው። እትዬ ፈጡማ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መጡ።

"እትዬ፣ በወር አንዷን ቅዳሜ እንኳ ፈቃድ ወስደው እየመጡ ያስተምሩልኝ" አልኳቸው።

"እኔ? የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው እኮ።"

"እኔ እሱንም አላውቅም ነበር።"

ፊታቸውን መልሰው ወደ ውስጥ ገቡ። ያስቀየምኳቸው መሰለኝ። ጥቂት ቆይተው ጫማቸውን አድርገው፣ ደብተራቸውን ይዘው ወጡ።

"ትምህርቱ እኮ ቅዳሜ ነው፤ ዛሬ እሑድ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ማንም ሳይኖር ሁለተኛውን ኮምፒዩተር ልየው፤ እሱም አንድ የሚያደርጋት ነገር አለችው። ቁልፉ አንተ ጋ ነው?"

ኪሴ ውስጥ ነበር። በእሑድ ቀን የማኅበሩን ቁልፍ ለምን ይዤ እንደወጣሁ ግን አልጠየቁኝም፤ ምክንያቱ ገብቷቸዋል መሰለኝ፤ ሰው ናቸውና ያዝናሉ።