ጎማ የሌለው ዘይት

ይበልጣል፦ (ከመኪናው ሥር ተጋድሞ) ዘይት ጎማ የለውም አልኩህ! ጎማ ያለው መኪናው ነው። ከፈለግክ ቁጠር፣ አራት ነው።

ጎደፋ፦ ቆጠርኩት ሓወይ፣ አራት ነው። የዘይቱ ግን የለም።

(ነገሩ እንዲህ ነው። ይበልጣል ዓዲ ሓቂ ሰፈር የሚኖር የፊዚክስ መምህር ነው፤ ጎደፋ ደግሞ የሚስቱ የኣርሴማ ታላቅ ወንድም፤ «ሓወይ» የሚለውም ወንድሜ ማለቱ ነው። ነገ የይበልጣል ልጅ ክርስትና ይነሳል። ጾም ስለሆነ የድግሱ ወጥ ሁሉ በዘይት ነው፤ አማቱ ኣደይ ለተገብርኤል በቤታቸው ሽንኩርቱን ከትፈው፣ ድስቱን ጥደው ዘይት ይጠብቃሉ። ሁለቱ ሰዎች ሃያ ሊትር ዘይት በጀሪካን ገዝተው መጡ። ይበልጣል ቤት በር ላይ ሲደርሱ ይበልጣል ከመኪናው ሥር ጠብታ አየና ጀሪካኑን እንኳ ሳያወርድ ከረባቱን ፈትቶ ከሥሩ ገባ። በአማቱ ፊት ባለሙያ መባል ምን ያህል እንደሚያምረው እሱና እግዜር ያውቃሉ።)

ይበልጣል፦ ስማኝ። ይሄ ኮፓ ይባላል፤ የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው። በኮፓውና በሞተሩ መሀል ጓርኒሲዮን አለ፤ ስስ ማሸጊያ። እሱ ሲያረጅ ዘይት ያፈሳል። ገባህ?

ጎደፋ፦ ገባኝ። ክዳኑ ውስጥ የምትገባዋ ጎማ ናታ።

ይበልጣል፦ ጎማ አይደለም፣ ጓርኒሲዮን በል!

ጎደፋ፦ ሕራይ፣ እሺ። ጓርኒሲዮኑ የለም። ገበያ ላይም ብዬህ ነበር።

ይበልጣል፦ ባይኖርስ! ሲሊኮን እቀባዋለሁ።

(የሞተሩን ዘይት በሳፋ ቀዳ። ቡሎኖቹን ፈትቶ ኮፓውን አወረደ፣ የአሮጌውን ማሸጊያ ቅሪት በቢላ ፋቀ፣ በቤንዚን አጠበ። ጎደፋ ሳፋውን አየ፤ ወደ መኪናው ኋላ ሄዶ መሬቱን አየ፤ ተመልሶ ሳፋውን አየ።)

ጎደፋ፦ ይሄኛው ጥቁር ነው።

ይበልጣል፦ የሞተር ዘይት ጥቁር ነው።

ጎደፋ፦ ከኋላ የሚወርደው ግን ቢጫ ነው።

ይበልጣል፦ በስንጥቁ ሲያልፍ ይጣራል።

ጎደፋ፦ ሞተሩ ከፊት ነው እኮ።

ይበልጣል፦ መኪናው ዳገት ላይ ቆሟል። ፈሳሽ ወደ ዝቅታ ይሄዳል። ይሄ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ነው።

ጎደፋ፦ እኔ ስድስተኛ ላይ ነው ያቆምኩት። ድመቷ ግን እየላሰችው ነው።

ይበልጣል፦ ድመት ምን ታውቃለች?

ጎደፋ፦ እኔም ቀመስኩት። ይጣፍጣል።

(ይበልጣል ደንግጦ ሊነሳ ሲል ግንባሩን ከብረቱ አጋጨ።)

ይበልጣል፦ የሞተር ዘይት ቀመስክ? ቶሎ ሂድ፣ ወተት ጠጣ!

ጎደፋ፦ ጾም ነው እኮ ሓወይ።

(ስልኩ ጮኸ። አማቱ ናቸው፤ ዘይቱስ ከምን ደረሰ ነው የሚሉት። ይበልጣል የመኪናውን ማንጠባጠብ ከጎረቤት ሰምተው የተጨነቁለት መሰለው። ደረቱ ተነፋ።)

ይበልጣል፦ ኣደይ፣ በፍጹም አያስቡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ጠብታ አይኖርም!

(አማቱ ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይጠይቁት ይበልጣል ስልኩን ዘጋ፤ ሲሊኮኑ ሊደርቅበት ነው። በኮፓው ከንፈር ዙሪያ ቀጭን መስመር አድርጎ ቀባና ወደ ቦታው መለሰው።)

ይበልጣል፦ ቡሎን አቀብለኝ። ተራ በተራ እንዳይመስልህ፤ ቡሎን የሚታሰረው በመስቀል ነው።

ጎደፋ፦ (አማትቦ) ኣሜን።

(ሲሊኮኑ እስኪይዝ ተቀምጠው ጠበቁ። ይበልጣል ስለ ግፊት አስተማረ፣ ጎደፋ አንቀላፋ። ከዚያ የሞተሩን ዘይት ሞሉ። ይበልጣል በሆዱ ተኝቶ ከፊት እስከ ኋላ ተመለከተ። ድመቷም ሄዳለች።)

ይበልጣል፦ ቆመ! ከፊትም ከኋላም ጠብ አይልም። አሁን አዋቂው ማነው?

ጎደፋ፦ (የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍቶ) ቆመማ። አለቀኮ።

(ጀሪካኑ በጎኑ ተኝቷል። «የቆመ ይወድቃል፣ የተኛ ወዴት ይወድቃል?» ብሎ ያጋደመው ራሱ ይበልጣል ነበር። ክዳኑ ውስጥ ጎማ የለም። ከሃያው ሊትር የቀረው ለአንድ ራስ ሽንኩርት አይበቃም። ይበልጣል መሬት ላይ ዘፍ አለ፤ የተቀመጠውም ዘይቱ ላይ ነው።)

ይበልጣል፦ እንዴት አትነግረኝም?

ጎደፋ፦ ዘይቱ ጎማ የለውም አልኩህ። አራት ነው አልከኝ።

(ስልኩ እንደገና ጮኸ። አማቱ ናቸው።)

ይበልጣል፦ ጎደፋ፣ በሞቴ፣ ምን ልበላቸው?

ጎደፋ፦ ምንም አትበላት ሓወይ። አንድ ጠብታ አይኖርም ብለህ ቅድም ነግረሃታል።